ሳር የያዘው ኦርፌዎስ

«ቲቸር፣ ዜውስ አረፈ እኮ» አለኝ ባለባጃጁ።

ሲቀላ ገበያው ጫፍ ላይ ነበርን። የላንቴ ሙዝ ገዝቼ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ባጃጁ ገና አልሞላም። ልጁ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን «ዜውስ አረፈ» የሚል መርዶ እንዴት ተብሎ ይሰማል? መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ማንን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

«ሰውየው ስም አለው!» ብዬ ጮህኩበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደነገጡ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ መምህር ማልዶን ማለቴ ነው። ሌሊት ነው አሉ። ሬሳው በጠዋት ወደ ጨንቻ ወጥቷል።»

ልጁ ላይ መጮሄ ግፍ ነበር። የአርባ ምንጭ ግማሹ ሰው ማልዶን የሚያውቀው በዚያ ስም ነው። የግሪኮች አማልክት አለቃ ስም ነው፤ ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከዚያ ከተማው ተቀበለው፤ በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር «ጋሽ ዜውስ» ይለው ጀመር። እሱ አይቆጣም ነበር። በእሱ ፋንታ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ማልዶ አማርኛ ያስተምራል፣ እኔ ኬሚስትሪ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት አብረን የጠመኔ ብናኝ ውጠናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ የጨንቻ ሰው ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳል። በሲቀላ ሙቀት፣ ሹራብ! ሲጠይቁት «ቆላ የወረደው ሰውነቴ ነው፤ ብርዱን ይዤው ነው የመጣሁት» ይላል። ሲያስብ የግራ ጆሮውን ጫፍ ይጎትታል። ሲዋሽ ግን ሁለቱንም ጆሮውን ነው የሚጎትተው። ይህን የምናውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አንድ ቀን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ፈተና እየፈተንኩ ስለ ሲሲፈስ ሲያስረዳ ሰማሁት። ሲሲፈስ የግሪኮች አማልክት የፈረዱበት ሰው ነው፤ ድንጋይ ዳገት ላይ ይገፋል፣ ጫፍ ሲደርስ ድንጋዩ ተንከባሎ ይወርዳል፣ እንደገና ይገፋል፣ ማለቂያ የለውም። «ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ የሴቻን ዳገት የሚገፋውን ባለጋሪ አይታችሁታል? እሱ ነው ሲሲፈስ!» አለ ማልዶ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ ባለጋሪው እኮ ይከፈለዋል። ለሲሲፈስ ማን ይከፍለዋል?» አለው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ማልዶም «እንግዲያው ሲሲፈስ አስተማሪ ነው ማለት ነው» አለ። እኔም ፈታኝነቴን ረስቼ ከተማሪዎቼ ፊት ሳቅኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግጥም የሚሞክሩ ልጆችና ጥቂት አስተማሪዎች ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ይሰበሰቡ ነበር። እኔን ጎትቶ ያስገባኝ እሱ ነው። «ግጥም የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያጨበጭባል። አንቺ ግን ካልገባሽ ግንባርሽ ይኮሳተራል፤ እኔ የምፈልገው ግንባርሽን ነው» አለኝ። እንዲህ ተብሎ እንቢ ይባላል? ሄድኩ። ግንባሬም ሲኮሳተር ከረመ። ከሰማይ እሳት የሰረቀው ፕሮሜቴዎስ፣ በሰም ክንፍ በርሮ ፀሐይ ያቀለጠችበት ኢካሩስ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነ ሴትዮ፤ ማልዶ ዘንድ የሌለ አልነበረም። ዝንጀሮዎቹ ከላይ ማንጎ ያረግፉብናል፣ እሱ ከታች ሆኖ ኦሊምፐስ ተራራን ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉጌ ተራራ ሥር ተወልደህ ኦሊምፐስ ላይ ምን ትሠራለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እዚያ ማንም አያውቀኝማ» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስጨቀጭቀው «የሞተ አምላክ አይናከስም» አለኝ። ይህችን አባባል ደጋግሞ ይላታል። እኔም እንደ ሌላው ሰው የፈላስፋ ወግ ናት ብዬ አልፋት ነበር፤ ሰው የሚሰማውን ያህል ቢያዳምጥ ኖሮ ምን ይጎድለን ነበር።

ከተማው ውስጥ የኪነ ጥበብ ምሽት የሚያዘጋጅ አቶ ደምሴ የሚባል ሰው አለ። ማይክ ሲይዝ ድምፁ ይወፍራል፣ መድረክ ላይ ከወጣ አይወርድም። «ማንነት» የምትለዋን ቃል እንደ በርበሬ ሁሉም ነገር ላይ ይነሰንሳታል። በአንዱ ምሽት ማልዶን ጋበዘው። ማልዶም ስለ ኦርፌዎስ የጻፈውን ረጅም ግጥም አነበበ። ኦርፌዎስ በግሪኮች ተረት ወደ ሙታን አገር የወረደ ዘፋኝ ነው። ሙታን አገር ለመግባት ስቲክስ የሚባል ወንዝ መሻገር አለ፤ የሚያሻግር ባለጀልባም አለ። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ኦርፌዎስ ደረሰ ከስቲክስ ወንዝ ዳር፣
በሁለት እጆቹ ይዞ ለምለም ሳር፤
ባለጀልባው ግን አለ፦ «አላሻግርህም፣
ከኋላህ የሚሰማ ለቅሶ የለህም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ደምሴ ማይኩን ነጠቀ።

«ወገኖቼ! ይህ ሰው የጋሞ ልጅ ነው! አባቶቹ ለምለም ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ጦር የሚያስጥሉ አባቶች ናቸው! እሱ ግን ያን ሁሉ ትቶ የፈረንጅ ጣዖት ያጥናል። ማንነቱን የሸጠ ብዕር ብዬዋለሁ!»

ሰው አሁንም አጨበጨበ። ቅድም ለማልዶ ያጨበጨበው ያው እጅ ነው። እኔ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰውየው ስለ ሳር እየጮኸ፣ ቅድም የተነበበውን ሳር አልሰማም! ማልዶ ከወንበሩ ተነስቶ «ልክ ነው፤ የፈረንጅ ተረት ነው» አለና ተቀመጠ። ሁለቱንም ጆሮውን ሲጎትት አየሁት።

በማግሥቱ አሳ ቤት ይዤው ሄድኩ። ያዘዝነው አሳ ለብለብ እስኪመጣ እንኳ አልታገስኩም።

«ሳሩ ከየት መጣ?»

«የቱ ሳር?»

«አትቀልድብኝ ማልዶ! ግሪኮች መቼ ነው ሳር ይዘው የሚማለዱት? አባቴ ወታደር ሆኖ ከሰሜን ይምጣ እንጂ እኔ የሲቀላ ልጅ ነኝ። ሽማግሌዎች ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው፣ ድንጋይ የያዘ ጎረምሳ ሁሉ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ማልዶ እጁን ታጥቦ ነበር፤ በሶፍት አንድ በአንድ ጣቶቹን አደረቀ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ።

አባቱ ከመንደራቸው በላይ ያለውን የጥንት ደን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከዚያ ደን ቅጠል አይቀጠፍም፤ የቀጠፈ ጎሜ ይደርስበታል ይባላል። ጎሜ ነውር የሠራ ሰው በራሱም በዘሩም ላይ የሚመጣበት ጦስ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ጌታን ሲቀበል አባትየው ብቻ «እኔ ደኑን ለማን ጥዬ?» ብሎ ቀረ። እናትና ልጆች ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፣ እሱ ደኑ ደጃፍ ይቀመጣል። እንዲህ እያሉ ኖሩ፤ አልተጣሉም። ችግሩ የመጣው ሲሞት ነው።

በአገሩ ወግ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ሕዝቡ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው፣ እየሮጡ፣ ስሙን እየጠሩ፣ ሥራውን እየቆጠሩ ያለቅሱለታል። ይህ ካልሆነ ሟቹ አባቶቹ ዘንድ አይደርስም፤ በር ላይ ቆሞ ይቀራል ብለው ያምናሉ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ግን «ሳያምን የሞተ ነው፤ ለጣዖት አገልጋይ ሜዳ የሚወጣ አማኝ የለም» አሉ። ቤተሰቡ ታዘዘ። ማልዶ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ እሱም ታዘዘ። ቀበሩት፣ ቤታቸው ገቡ፣ በሩን ዘጉ።

«ጎረቤት ሁሉ ሜዳው ላይ ቆሞ እኛን ጠበቀ» አለኝ ማልዶ። «የሟች ቤተሰብ ካልወጣ ለቅሶው አይጀመርም። በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ጠበቁን፣ ጠበቁን፣ ዝናብ መጣ፣ ሄዱ።»

ከዚያ በኋላ ነው ግጥሙን የጻፈው። የመጀመሪያው ግጥም ውስጥ ኦርፌዎስ የሚባል የለም። አባቱ በስሙ አለ፣ ደኑ በስሙ አለ፣ ሜዳው በስሙ አለ። የዋህ ነበርና ወስዶ ጸሎት ቤት ውስጥ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ አነበበው። ሽማግሌዎቹ ሙታን ጠራህ፣ ባዕድ አምልኮ አወደስክ ብለው ከጌታ እራት አገዱት፣ ከመዘምራንም አስወጡት። ይህ አልበቃ ብሏቸው ቤቱ ድረስ መጡ። እናቱ በእነሱ ፊት ተነሥታ «እኔ በሕይወት እያለሁ የዚያን ሰው ስም በግጥም አትጥራ! ባጠባሁህ ጡት ይዤሃለሁ!» አለችው። ማልዶ ግጥሙን እዚያው ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

«ኮሌጅ ስመለስ የግሪኮችን ተረት አገኘሁ። ሳይለቀስለት ወንዝ ዳር ቆሞ የሚቀር ሟች ያለበት ሌላም አገር አለ ለካ! አባቴን ወስጄ እዚያ አስቀመጥኩት። ማን ይናገረኛል? ወንጌላዊው ራሱ ግሪክ ሲባል ደስ ይለዋል፤ ‹በግሪኩ ቋንቋ ሲተረጎም› ሲል ሰምተሽው አታውቂም?» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም ነበር። «የሞተ አምላክ አይናከስም የምልሽ ለዚህ ነው። የእኛዎቹ ገና ጥርስ አላቸው፤ የሚረግማቸው ሰው ራሱ ይፈራቸዋል።»

«ታዲያ ይህን ለዚያ ለደምሴ አትነግረውም?» ደሜ ፈልቶ ነበር። «እኔ እነግረዋለሁ! መድረኩ ላይ ወጥቼ ነው የምነግረው!»

«ዛሬ ብትነግሪው ነገ ጨንቻ ይደርሳል። እናቴ ጆሮ ይገባል። ሆድ ይፍጀው።»

«እስከ መቼ?»

«እናቴ ስታልፍ ያ ሜዳ ላይ ቆሜ በስሙ አነበዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። እሱን ካደረግሁ በኋላ ዜውስም በሉኝ፣ ማንነቱን የሸጠም በሉኝ፣ ግድ የለኝም።» ጆሮውን አልነካም። «ችግሩ ግን እናቴ እንድትሞት አልፈልግም። እስኪ ፍረጂኝ።»

አሳው መጥቶ ቀዝቅዟል። የአባቱን ስም ጠየቅሁት፤ በትምህርት ቤት የሚጠራው ባስተማረው አጎቱ ስም ነውና የአባቱን አላውቀውም ነበር። «ይዛኛለች አልኩሽ እኮ» አለኝ። በጆሮዬ እንኳ ሹክ አላለኝም። እንዲህ ያለ ግትር ነበር፤ አንድ ጊዜ ማለ ማለት ማለ ነው።

ግጥሙ አዲስ አበባ በወጣ አንድ መድበል ውስጥ ገባ። እዚያ ደግሞ አንድ ሐያሲ ተነሥቶ «ገጣሚው የግሪክን አፈ ታሪክ በቅጡ አልተረዳውም። ኦርፌዎስ ሚስቱን ፍለጋ ነው የወረደው፤ ባለጀልባውንም በዜማው አሳምኖ ተሻግሯል። ሳር የሚባልም ነገር የለም» ብሎ ተናገረ አሉ። ማልዶ ይህን ሲነግረኝ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ ነበር። እዚህ ለፈረንጅ የተሸጠ፣ እዚያ ፈረንጁን ያላወቀ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አልቻልኩም።

ዓመታት ሄዱ። እናቱ እርጅና ላይ ጠነከሩ። እሱ ኩላሊቱ ታመመ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ ያ ሹራብ አልጋው ራስጌ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ግማሽ ሆኗል። ስለ እኔ ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ፣ ዝንጀሮዎቹ እንዴት ናቸው አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ «እናቴስ?» አለ።

«ደህና ናቸው። ትናንት እንኳ ጥጥ ሲፈትሉ ነበር አሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደ። ሌላኛውም እጁ ተንቀሳቅሶ ነበር፣ ግን የግሉኮሱ ገመድ ያዘው። ወደ የት ሊሄድ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ባለባጃጁ መርዶውን ከነገረኝ በኋላ ሙዙን ቤት ወርውሬ ጨንቻ ወጣሁ። ጭጋጉ መንደሩን ውጦታል። ድንኳኑ ከቀርከሃው አጥር ውጪ ተተክሏል፤ መዘምራኑ ይዘምራሉ፤ ወንጌላዊው ሟቹ በጌታ እቅፍ እንደሆነ ያስተምራሉ። ሰው በሥርዓት ተቀምጦ በሥርዓት ያለቅሳል። ከድንኳኑ ባሻገር፣ ወደ ላይ፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ ይታየኛል። ያ ሜዳ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። አንድ በግ ብቻ ይግጥበታል።

አይ የሰው ነገር! ደምሴ ጥቁር ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። ማይክ ተሰጠው። «ዓለም አቀፉ ገጣሚያችን! ከጨንቻ ተነሥቶ ከግሪክ ጋር የተነጋገረ ብዕር!» አለ። ያው ብዕር ነው፤ የተሸጠው። ከዚያ የኦርፌዎስን ግጥም አወጣና በዚያ ወፍራም ድምፁ አነበበው፤ መሃሉ ላይም አለቀሰ። አርባ ምንጭ ኖሮ በአዞ እንባ የሚገረም የለም። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። አንዳቸውም አልተቆጡም። ማልዶ ልክ ነበር፤ የሞተ አምላክ አይናከስም።

ንዴቴ እንዳያፈነዳኝ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩ። የማልዶ እናት፣ እማማ ማሬ፣ ብቻቸውን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው እንዲያርፉ ብሎ አውጥቷቸው ነው። አማርኛ የለመዱት ፈትል ይዘው ገበያ ሲወርዱ ነውና ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርገው ነው የሚጠሩት።

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «አንተ የማልዶ ትምህርት ቤት አይደለህም?»

«ነኝ እማማ።»

«ያ ሰውዬ ያነበበው ማልዶ የጻፈው ነው? እሱ ይጮሃል፤ እኔ አልሰማሁም። ምን ይላል?»

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ኦርፌዎስ የሚባል የግሪክ ሰው ነው፤ ሞቷል፤ ወንዝ ዳር ደርሶ ባለጀልባው አላሻግርህም አለው አልኩ።

«ግሪክ ምንድን ነው?»

«አገር ነው፣ ሩቅ።»

«ማልዶ ሄዶ ነበር?»

«አልሄደም።»

«ሳይሄድ እንዴት ያውቃል?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ለምን አያሻግረውም ሰውየውን?»

«ስላልተለቀሰለት። ለምለም ሳር ይዞ ይለምነዋል፤ ባለጀልባው ግን እንቢ አለ።»

«ምን ይዞ?»

«ሳር።»

ካፊያው ነጠላቸው ላይ ያርፋል፤ አይጠርጉትም። ከድንኳኑ መዝሙር ይሰማል።

«ኦሞቼ ነው» አሉ። «ባሌ ነው። የማልዶ አባት ነው እኮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

ሐዘንተኛ ናቸው፣ አሮጊት ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን አፌን መያዝ አቃተኝ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ የከለከሉት? ‹በሕይወት እያለሁ ስሙን አትጥራ› ብለው በጡትዎ የያዙት? ዕድሜውን ሙሉ እርስዎን ብሎ እኮ ነው ግሪክ ሲዞር የኖረው!»

«እሱ አንድ ቀን ነው!» አሉ። «ሽማግሌዎች ቤቴ ቁጭ ብለው ነበር። ልጄን ሊያባርሩ መጥተው ነበር። እኔ ምን ልበል? ጮህኩ። እነሱ ሲሄዱ ማልዶ ይነግረኛል፣ በቀስታ ያነብልኛል ብዬ በር ዘግቼ ጠበቅሁ። አልነገረኝም። ነገ ይነግረኛል አልኩ። አልነገረኝም። ከአርባ ምንጭ ሲመጣ ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። ስኳር ያመጣል፣ ሳሙና ያመጣል፣ ያን ግን አያመጣም። እኔም እንዴት ልጠይቀው? ከልክዬ አልነበረ?»

እሱ እሳቸው እስኪሞቱ ጠበቀ፤ እሳቸው እሱ እስኪነግራቸው ጠበቁ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ኦሊምፐስ፣ ሽማግሌ ስለተቀመጠበት አንድ ከሰዓት በኋላ!

«ባሌ እኮ ነው» አሉ እንደገና። «እኔስ አላለቅስለትም ነበር? ግጥሙን ታውቃለህ? በለው።»

በቃሌ አውቀዋለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። «ኦርፌዎስ ደረሰ» ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

«ኦሞቼ ደረሰ» አሉ።

«ኦሞቼ ደረሰ» አልኩ። «ከስቲክስ ወንዝ ዳር።»

«ወንዝ የለም። እዚህ ምን ወንዝ አለ? ለቅሶ ሜዳ ነው።»

«ኦሞቼ ደረሰ ከለቅሶ ሜዳ ዳር።»

ልክክ አለ። ቤቱም አልጎደለ፣ ዜማውም አልተሰበረ። እማማ ጎንበስ ብለው ከአግዳሚው ሥር የበቀለውን ሳር በጭብጣቸው ነቅለው ያዙ። ቀጠልን፤ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። ባለጀልባው ጋ ስንደርስ «ይህስ ማን ነው?» አሉኝ። ወደ ድንኳኑ፣ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት አዩ፤ ደግመው አልጠየቁኝም። በአገራቸው ቋንቋ፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ፣ ኦሞቼ፣ ኦሞቼ እያሉ የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። ሥራውን ነበር የሚቆጥሩት።

ያኔ ነው ወንጌላዊው ጥግ ዞረው የመጡት። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለእማማ ጃንጥላ ሊዘረጉላቸው ነው። እማማ አፋቸው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ሳሩ ነጠላቸው ሥር ገባ።

«እማማ፣ ይበርድዎታል» አሉ ወንጌላዊው አጠገባችን እየተቀመጡ። «ስለ ምን እያወራችሁ ነው?»

«ስለ ግሪክ» አሉ እማማ ማሬ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ማልዶ የጻፈው። አንድ የግሪክ ሰውዬ ነው፤ እኛ አናውቀውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ ቀጥል። ማን ነው ያልከው? ኦርፌ…»

«ኦርፌዎስ» አልኳቸው።

«እሱ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ኦርፌዎስ አልኩ፣ ስቲክስ አልኩ። ወንጌላዊው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና «የግሪክ ከሆነ ምንም አይደለም» አሉ።

«ምንም አይደለም» አሉ እማማም። እጃቸው ነጠላቸው ሥር ሳሩን እንደጨበጠ ነበር።